በአዲስ አበባ መሃል ንግድ እየደራ ቸርቻሪው ለምን አያድግም?

የአራት ኪሎው ቸርቻሪ፦

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የጽሕፈት መሣሪያ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ይህን ርእስ የከፈትኩት ብሶት ለማሰማት ሳይሆን፣ ለረጅም ጊዜ ሳብሰለስለው የኖርኩትን አንድ ጥያቄ ንግድን፣ ሒሳብንና ሕግን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ለመመርመር ነው። ከተማችን በዓይን የሚታይ ሀብት እያፈራች ነው። ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ተነሥቶ እስከ አራት ኪሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ መብራትና በየማዕዘኑ የሚነሣ ፎቅ ያያል፤ ዕቃ አልጠፋም፣ ገዢም ጨርሶ አልጠፋም። ይሁን እንጂ በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ በችርቻሮ የሚተዳደረው ሰው ኑሮ ከዓመት ዓመት ሲያሽቆለቁል፣ ከእርሱ በላይ ባለው እርከን ላይ ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ዕቃና በዚያው ገበያ ሲበለጽግ አያለሁ። ሁለቱም ማልደው ይነሣሉ፣ ሁለቱም ነጋዴ ይባላሉ፣ የሚደርስባቸው ግን ለየቅል ነው።

እኔ የደረስኩበት መልስ የሚከተለው ነው። ዋጋ ሳያቋርጥ በሚንርበት አገር ንግድ የሚያበለጽገው ብዙ የደከመውን ወይም ብዙ የሸጠውን ሳይሆን፣ ሀብቱን በጥሬ ገንዘብ ለመያዝ የማይገደደውን ሰው ነው። ዕቃ አከማችቶ መቆየት የሚችል፣ ዶላር የሚያገኝ፣ ቦታ ወይም ቤት ያለው ሰው ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሳይሸጥም ሀብቱ ያድጋል፤ ቀን የሸጠውን ማታ ቆጥሮ ለነገ ዕቃ የሚያውለው ቸርቻሪ ግን ያለው ሁሉ ብር ስለሆነ በየዕለቱ ይሸረሸርበታል።

ነገሩን በደብተር ላስረዳ። ነሐሴ ላይ ከመርካቶ አንድ ደርዘን ደብተር በ600 ብር ተረክቤ መስከረም ላይ በ720 ብር ሸጥኩት እንበል። በመዝገቤ ላይ 120 ብር አትርፌአለሁ። ከዚያች ትርፍ ላይ የሱቁን ኪራይ፣ መብራቱንና የቤተሰቤን ቀለብ ከፍዬ የባዶውን መደርደሪያ ዕቃ ልተካ ስመለስ፣ ያው ደርዘን 750 ብር ገብቶ ይጠብቀኛል። ያተረፍኩትን ምንም ሳልነካ ሙሉውን 720 ብር ይዤ ብሄድ እንኳ የሸጥኩትን ያህል መልሼ መግዛት አልችልም። በዚህ ዓይነት ሱቁ በየዓመቱ እያተረፈ በየዓመቱ መደርደሪያው ይሳሳል። ደንበኛ ሲገባ ፊት ለፊት አንድ አንድ እያደረግን እንደረድራለን፤ ከኋላው ግን ባዶ ካርቶን ነው።

ጅምላ ሻጩ በዚያው ወቅት መጋዘኑን ዘግቶ ሁለት ወር ቢቆይ የሚያጣው ነገር የለም። አስመጪው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 58 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ በጥቁር ገበያ ዋጋው እጥፍ ያህል ነበር። ከባንክ ዶላር የደረሰው ሰው ዕቃውን የሚተምነው በጥቁር ገበያው ዋጋ ስለነበር፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያለ ተጨማሪ ልፋት ኪሱ ይገባል፤ የምንከፍለው ደግሞ እኛና ደንበኞቻችን ነበርን። ቡናን ከዓለም ገበያ በላይ በሆነ ዋጋ እዚህ ገዝተው በኪሣራ የሚልኩ ላኪዎች የነበሩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ በቡናው የከሰሩትን በዶላሩ ባስመጡት ዕቃ ላይ አካክሰው ይመልሱት ነበር። አሁን ምንዛሪው ተቀራርቧል፣ የዕቃው ዋጋ ግን አልወረደም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በዚህ አሠራር ውስጥ አነስተኛው ነጋዴ በየትኛው በር ገብቶ ሊያድግ ይችላል? ትጋት ብቻውን እንደማይበቃ በዙሪያዬ ካሉት ሱቆች አይቻለሁ።


ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ወንድሜ፣ የደብተሩን ምሳሌ ሳነብ በየዓመቱ በግብር ወቅት የማገላብጣቸው መዝገቦች ናቸው የታዩኝ። የግብር ሕጋችን ትርፍን የሚያሰላው ዕቃው በተገዛበት ዋጋ እንጂ በሚተካበት ዋጋ አይደለም። ይህ የእኛ አገር ብቻ አሠራር አይደለም፤ ዋጋ በተረጋጋበት አገር ልዩነቱ ኢምንት ስለሆነ የሚያነሣው ሰው የለም። እዚህ ግን በ2014 ዓ.ም. እንደታየው ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ትርፍ ተብሎ ግብር የሚጣልበት ገንዘብ ከፊሉ ካፒታሉ ራሱ ነው። ሰውየው አድጎ ሳይሆን ብሩ ወርዶ ሳለ እንዳደገ ተቆጥሮ ይከፍላል።

ከዚህ የባሰው ግን የግዢ ደረሰኝ ጉዳይ ስለሆነ እሱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። አንድ ቸርቻሪ ከመርካቶ ዕቃ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ሁለት ዋጋ ይነገረዋል፤ አንዱ ያለ ደረሰኝ፣ ሌላው ከደረሰኝ ጋር። ደረሰኝ ሲሰጠውም በላዩ ላይ የሚጻፈው የከፈለው ሙሉ ዋጋ ላይሆን ይችላል፤ አስመጪው ለጉምሩክ ዝቅ አድርጎ ያሳወቀ እንደሆነ ከዚያ ጋር የሚጣጣም ዋጋ ይጽፋል፣ ቀሪውን በእጅ ይቀበላል። ስለዚህ በ600 ብር የገዛው ቸርቻሪ መዝገብ ላይ 400 ብር ብቻ ይሰፍራል፤ በ720 ብር ሲሸጥ 320 ብር ያተረፈ ይመስላል። ደረሰኝ ጨርሶ ከሌለው ደግሞ ወጪው ተቀባይነት አያገኝም። ከላይ የተሰወረው ገቢ በዚህ መንገድ እየተንከባለለ የመጨረሻው ሻጭ ላይ ያርፋል፤ እርሱ ሱቁ መንገድ ዳር ስለሆነ፣ በሩም ክፍት ስለሆነ፣ ለቁጥጥር ከሁሉም ይልቅ የቀረበ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ለጊዜው ተዘግተው እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ቁጥጥር አያስፈልግም የሚል አቋም የለኝም፤ አገራችን የምትሰበስበው ታክስ ከጠቅላላ ምርቷ 10 በመቶ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ ትምህርት ቤትም ሆነ ጤና ጣቢያ በምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት ግን ዕቃው ወደ አገር ከሚገባበት በርና ከመጋዘኑ ነው።


ከለገሃር፣ አስመጪ፦

ክርክሩ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ያህል ከሌላው ወገን ያለውንም ማየት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከላይ የተጻፈውን አልክድም፤ በሁለቱ ምንዛሪዎች መካከል ባለው ክፍተት ብዙ ሰው ከብሯል። ሆኖም አስመጪ ሁሉ ያንን ዶላር ያገኝ ነበር ማለት አይደለም። አብዛኞቻችን የፕሮፎርማ ደረሰኛችንን ባንክ አስገብተን ወረፋ የምንጠብቅ፣ ወረፋው ሳይደርሰን የአቅራቢያችን ዋጋ የሚለወጥብን ሰዎች ነበርን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲታገዱ፣ በእነዚያ ዕቃዎች ብቻ ይተዳደሩ የነበሩ ድርጅቶች ሠራተኛ በትነው ቁጭ ብለዋል። ምንዛሪው ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ አቅራቢ በዱቤ ዕቃ አምጥቶ የነበረ ሰው የዶላር ዕዳው ሳይጨምር የብር ዕዳው በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆኖበታል፤ ዕቃውን ግን በቀድሞው ዋጋ ሸጦ ጨርሷል። ይህ ከደብተሩ ታሪክ ጋር አንድ ነው፤ መጠኑ ብቻ ይለያል።

ሌላም ነገር አለ። ንግድ አንዱን እያከበረ ሌላውን ያደኸያል የሚለው አነጋገር ሙሉውን ታሪክ አይነግረንም። ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ የነበረ ሲሆን በ2003 ዓ.ም. 29.6፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 23.5 በመቶ ደርሷል፤ በከተሞች በ2003ና በ2008 ዓ.ም. መካከል ብቻ ከ25.7 ወደ 14.8 በመቶ ወርዷል። መንገዱ፣ ሕንፃው፣ ትራንስፖርቱና ገበያው ባይስፋፉ ይህ ለውጥ ከየት ይመጣ ነበር? ይልቁንስ አሁን ሊያሳስበን የሚገባው በ2016 ዓ.ም. መመሪያ ወጥቶ አስመጪነት፣ ጅምላና ችርቻሮ ለውጭ ባለሀብቶች መከፈቱ ነው። ዝቅተኛ የካፒታል መጠንና ሌሎች ቅድመ ሁኔታዎች ተቀምጠዋል፤ ነገር ግን በርካሽ ወለድ የሚበደር የውጭ ኩባንያ ሲመጣ እኔም እርስዎም በአንድ ወገን ነው የምንቆመው።


የአራት ኪሎው ቸርቻሪ፦

አመሰግናለሁ፤ ስለ ዱቤ ዕዳው የጻፉት እኔ ያላሰብኩት ጎን ነው፤ ትክክልም ነው። የድህነቱን አኃዝ በተመለከተ ግን ሁለት ነገር ልበል። የመጀመሪያው፣ ከወለሉ በታች ያለው ሰው ቁጥር መቀነሱና በላይና በታች መካከል ያለው ርቀት መጥበቡ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሆኖ ሌላው ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ የጠቀሱት የመጨረሻ ቁጥር የ2008 ዓ.ም. ነው፤ ያ ደግሞ ከጦርነቱ፣ ከኮቪድና ከ30 በመቶው ንረት በፊት የተለካ ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ነው።


የጉልት ልጅ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ደብተር ጻፉ፤ እኔ ስለ ሽንኩርት ልጻፍ። እናቴ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ሰፈር ጉልት ተቀምጣ ልጆቿን አሳድጋለች፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በዚያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የምናገረው ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያት ጆንያ እየፈታሁ ያየሁትን ነው።

አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረበት ዘመን ከንጋቱ በፊት በእግሯ ሄዳ፣ በዓይኗ አይታ፣ በእጇ መርጣ የምትፈልገውን ያህል ብቻ ገዝታ ትመለስ ነበር። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ፒያሳ ለዚያ ዓይነት ገበያ ጠባብ እንደነበረ፣ ጭቃውና የጭነት መኪናው መጨናነቅ ከተማውን ያስቸግር እንደነበረ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ወደዚያ ለመሄድና ለመመለስ ለታክሲና ዕቃውን ለሚያመጣው መኪና የሚከፈለው ወጪ ለአንድ ጆንያም ሆነ ለሃምሳ ጆንያ ያው ማለት ይቻላል። ሃምሳ የሚጭነው ወጪውን ሲያከፋፍለው አይሰማውም፤ አንድ የምትገዛዋ ሴት ላይ ግን ሙሉው ያርፍባታል። ስለዚህ አሁን ብዙዎቹ የሚገዙት በመኪና አምጥቶ ከሚያከፋፍላቸው ሰው ነው፤ በመካከል አንድ እጅ ጨመረ ማለት ነው።

ከዚያ ሰው ሲገዛ ጆንያ ተፈትቶ አይታይም። አፉ ላይ ያለው ሽንኩርት ደረቅና ትልልቅ ነው፤ ወደ ታች ሲወረድ እያነሰ ይሄድና መጨረሻው እርጥብ፣ አንዳንዱም የበቀለ ይሆናል። እናቴ ጆንያውን ላስቲክ ላይ ገልብጣ ሦስት ቦታ ትለየዋለች፦ ትልልቁ በኪሎ ይሸጣል፣ መካከለኛው በመደብ ይደረደራል፣ የተጎዳው እየተላጠ ወይ ለምግብ ቤት በርካሽ ይሰጣል ወይ እኛ እንበላዋለን። ትርፏ ወይም ኪሣራዋ የሚወሰነው በሦስተኛው ክምር መጠን ነው፤ ያ ደግሞ በእርሷ ብልሃት አይወሰንም።

አሁን ገዢውን ተመልከቱ። ደኅና ደመወዝ ያለው ሰው እሁድ ገበያ ሄዶ በአነስተኛ ዋጋ አምስት ኪሎ ገዝቶ ይመለሳል። እሁድ ገበያው ጥሩ ነገር ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ሰጥቷል። የቀን ሠራተኛው ግን የሚያገኘው በየቀኑ፣ የሚገዛውም በየቀኑ ስለሆነ ማታ ከሥራ ሲመለስ ከእናቴ መደብ ላይ ሦስት አራት ራስ ሽንኩርት ያነሣል። ያንን በኪሎ ብናሰላው ከፎቅ ነዋሪው በላይ ነው የሚከፍለው። እናቴ በልጣበት አይደለም፤ የመኪናውን፣ የአከፋፋዩንና የተበላሸውን ሁሉ የተሸከመው ያ መደብ ስለሆነ ነው። ድኻ በውድ ይገዛል፣ ለድኻ የሚሸጥም አያተርፍም፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሌላ ቦታ የተወሰነ ዋጋ ይከፋፈላሉ።

ካፒታሏ እቁብ ነው። የቀን እቁብ ትጥላለች፤ ዕጣው ሲደርሳት ዕዳ ትከፍልና ጆንያ ትገዛለች። ዝናብ ጥሎ ገበያ የጠፋ ዕለትም እቁቡ ይጣላል፤ በዚያን ዕለት የሚነካው ደግሞ የነገው መግዣ ነው። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ደንበኞቿ በየአቅጣጫው ተበተኑ። የነዋሪው ምትክ ቤት ተመዝግቧል፣ የባለ ሱቁ ንግድ ፈቃድም ተመዝግቧል፤ አንዲት ሴት ለዓመታት በዱቤና በሰላምታ ያፈራችው ደንበኛ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ ስለሌለ ካሣ አይታሰብለትም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። መንገዱ ይሠራ፤ ሲሠራ ግን ሠርተው የሚያድሩበትም ነገር እንደ ቤት ይቆጠር።


ባንክ ቤት የምሠራ፦

ለመጀመሪያው ጥያቄ ከብድር አንጻር መልስ ልስጥ። የባንክ ብድር የሚሰጠው በአብዛኛው በቤት፣ በሕንፃና በተሽከርካሪ መያዣ ነው። ስለዚህ ብድር የሚያገኘው ቀድሞም ሀብት ያለው ነው፤ ተበድሮ ዕቃ ወይም ቤት ይገዛል፤ የገዛው ነገር ዋጋው በንረቱ ይጨምራል፤ ዕዳው ግን በብር ስለሆነ እየቀለለ ይሄዳል። የብድር ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች በነበረባቸው ዓመታት ተበዳሪው በተግባር የሚደጎም ነበር፤ የደጎመው አስቀማጭ ደግሞ በ7 በመቶ ወለድ ብሩን ባንክ ያኖረው ተራ ሰው ነው። እናቷ የጉልት ነጋዴ የሆነችው ወጣት የጻፈችውና ይህ የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

ብሔራዊ ባንክ ንረቱን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ዓላማው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ለማበደር የተፈቀደልህ ገንዘብ ሲወሰን፣ ብዙ ትንንሽ ተበዳሪዎችን ከማስተናገድ ይልቅ ነባር ትልልቅ ደንበኞችን ማስቀደም ለባንክ ይቀላል፣ ወጪውም ያንሳል። ብድሩ በጥቂት ትልልቅ ተበዳሪዎች እጅ መከማቸቱን ብሔራዊ ባንኩ ራሱ ስለ ፋይናንስ ዘርፉ መረጋጋት ባወጣው ሪፖርት አሳስቦበታል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 በተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም በዕቃ ክምችት፣ በማሽንና በተሰብሳቢ ሒሳብ ጭምር መበደርን ፈቅዷል። ለቸርቻሪ የተከፈተ በር ቢኖር ይህ ነው። ችግሩ ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ያለን ደብተር እንዴት ገምተን፣ እንዴት ተከታትለን፣ ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር ለማን እንደምንሸጠው አልተለማመድንም፤ ስለዚህ አንድ የብድር ሠራተኛ ኃላፊነት ላለመውሰድ ሲል ‘ቤት አለዎት?’ ብሎ ይጠይቃል። በስልክ የሚሰጠው አነስተኛ ብድር፣ ለምሳሌ በቴሌብር በኩል የሚገኘው፣ መያዣ አይጠይቅም፤ ለአንድ ጆንያ ይበቃል፣ ለመጋዘን ግን አይበቃም።


ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን በጥሞና አንብቤአለሁ፤ ስለ ቦታ የተባለው ግን አነሰብኝ። በዚህ ከተማ መሃል ንግድና ቦታ ተለያይተው አያውቁም። የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሲቆም በነጋድራስ፣ ማለትም በነጋዴዎች አለቃ፣ ይተዳደር ነበር፤ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቆች በዚያው አካባቢ ደመቁ። ጣሊያን ከተማውን ሲይዝ የአገሬውን ገበያ ከአውሮጳውያኑ ለይቶ ወደ ምዕራብ አዛወረውና መርካቶ አደገ። ያኔም ገበያ ሲዛወር ማን ተጠቀመ ማን ተጎዳ የሚለውን የወሰነው አዲሱ ቦታ ላይ ቀድሞ ማን ደረሰ የሚለው ነው።

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በአንድ ቀን ባለ ብዙ ቤቱ ባለ አንድ ቤት ሆነ፤ ኪራይም ወረደ። ብዙ ሰው ያኔ የተነፈሰውን እፎይታ አልረሳውም። ነገር ግን ኪራዩ በዚያው ሲቆይና ከተማው ሲያድግ ሌላ ዓይነት ሀብት ተፈጠረ። መሃል ከተማ የመንግሥት ሱቅ የተከራየ ሰው በጥቂት ብር የያዘውን በር ለሌላ በብዙ እጥፍ ያከራየው ጀመር፤ አንዳንዱም ‘ቁልፍ’ ብሎ ሸጠው። ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚሸጠው አንዱ፣ ትርፉን ወር በገባ ቁጥር የሚወስደው ሌላ ሆነ። ኋላ የሊዝ ሥርዓቱ፣ በተለይም አዋጅ ቁጥር 721/2004፣ ቦታ በጨረታ በሊዝ እንዲተላለፍ ሲያደርግ ደግሞ በሩ የገንዘብ ብቻ ሆነ። ከሦስቱም ዘመን የምረዳው ነገር ቢኖር፣ ከሕዝብ ገንዘብ በተሠራ መንገድ ዳር ያለ መሬት ዋጋው ሲጨምር፣ ጭማሪው መንገዱን ለሠራው ሕዝብ የሚመለስበት ሁነኛ አሠራር እንዳልነበረን ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ በትክክል ከተሠራበት ይህን በከፊል ሊመልስ ይችላል፤ ካልሆነ ባለ ንብረቱ ታክሱን ኪራይ ላይ ጭኖ ለቸርቻሪው ያስተላልፈዋል። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ የሚጠብቀው የመኖሪያ ቤት ተከራይን ነው፤ የሱቅ ተከራይ በየዓመቱ የአከራዩን ፈቃድ ነው የሚጠብቀው። ለእኔ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ይመስለኛል።


ሱቅ ውስጥ ተቀጣሪ፦

ሁላችሁም ስለ ባለ ሱቁ ጻፋችሁ፤ ከሱቁ ውስጥ ስለምንቆመው ሰዎች የጻፈ የለም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ 6,000 ብር ሆኗል፤ ከግብር ነፃ የሆነው የደመወዝ መጠንም ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። የግል ተቀጣሪ ግን እስካሁን በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለውም። የሠራተኛና አሠሪ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል፤ እኛም እየጠበቅን ነው። ባለ ሱቁ ዋጋ ሲጨምር ቢያንስ የመሸጫ ዋጋውን ይጨምራል፤ እኛ የምንሸጠው ጉልበታችንን ነው፤ የእሱን ዋጋ የምንጨምረው እኛ አይደለንም። ቸርቻሪው አልተጠቀመም የሚለውን እቀበላለሁ፤ ደመወዝ ለመጨመር አቅም የሚያጣውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ መፍትሔ ስትፈልጉ እኛንም ቁጠሩን።


ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ተቀጣሪው ወንድሜ የተናገረው እውነት ነው፤ ተገቢም ነው። ጋሼ ስለ ሱቅ ኪራይ የጻፉትም ሕግ አውጪዎች ሊያዩት የሚገባ ነገር ነው። ሕግ እስኪወጣ ድረስ ግን ለርእሱ ባለቤት በእጅ ያለውን አንድ መንገድ ልጠቁም።

በአንድ አካባቢ ያሉ ቸርቻሪዎች በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው በጋራ መግዛት ይችላሉ። ጥቅሙ የዋጋ ቅናሽ ብቻ አይደለም። ከአስመጪው ወይም ከፋብሪካው በብዛት የሚገዛ ማኅበር ሙሉ ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ ለመጠየቅ አቅም ይኖረዋል፤ ለየአባሉ ሲያከፋፍል ደግሞ በራሱ ስም ደረሰኝ ይሰጣል። ያን ጊዜ አባሉ በ600 ብር የገዛው በ600 ብር ይመዘገብለታል። በዓመቱ መጨረሻ የተረፈው ትርፍ ከማኅበሩ በገዙት መጠን ለአባላት ይመለሳል። ባንክ ቤት የሚሠሩት ወንድማችን የጠቀሱት በዕቃ ክምችት የመበደር ነገርም ለአንድ መደርደሪያ ካልሆነ ለአንድ የጋራ መጋዘን ይሠራል፤ መጋዘን ይቆጠራል፣ ይቆለፋል፣ ይገመታል።

ማኅበራት የሚፈርሱባቸውንም ምክንያቶች ከሥራዬ አውቃቸዋለሁ። ገንዘብ ያዡና ገዢው አንድ ሰው ሲሆን፣ ዕቃ በዱቤ ለአባላት ሲሰጥና የተመለሰው ሳይመዘገብ ሲቀር፣ በተጨማሪም ገና ከጅምሩ ብዙ ዓይነት ዕቃ ሲነካ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተጠበቁ ሌላው ይቃናል።


የአራት ኪሎው ቸርቻሪ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በእኛ መንገድ ላይና በአራት ኪሎ ዙሪያ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ባለቤቶች ጋር የተጀመረ ወሬ አለ፤ ያስፈራን ገንዘብ ያዥ የመምረጡ ነገር ነበር። ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ቢቀመጥ፣ ግዢውን ደግሞ ፈራሚ ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ቢያከናውን ብዙዎቹ እሺ የሚሉ ይመስለኛል። ለመጀመሪያው ዙር ደብተር ብቻ እንገዛለን፤ እሱም ለመስከረም ሳይሆን ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ ዋጋው ሲረጋ። ተቀጣሪው ወንድማችን ያነሣውን በተመለከተ፣ ከጋራ ግዢው የሚመለሰው ትርፍ ላይ ለሱቅ ሠራተኞች የተወሰነ ድርሻ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ቢጻፍ ሕጉ ይፈቅድ እንደሆነ እባክዎን ያዩልኝ፤ ከፈቀደ ለአባላቱ የማቀርበው እኔ ነኝ።